የዶኛ አማልያ ትንንሽ ቃላት

ፋናዬ ስፓኒሽ አትችልም። ይህን ማንም ይመሰክራል፣ እሷም አትክድም። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2021 የክረምቱ በረዶ ሳይቀልጥ፣ ከሁለት ፊደል የማይበልጡ የስፓኒሽ ቃላትን አንድም ሳታስቀር በቃሏ ትወጣቸው ነበር። በወጉ “እንደምን አደርሽ” ማለት ሳትችል “ኦክስ” ዶሮ ማባረሪያ መሆኑን የምታውቅ ሐበሻ በኮሎምበስ ከሷ ሌላ መኖሯ ያጠራጥራል።

ነገሩ የተጀመረው በሥራ ነው። ፋናዬ ከባሏ ከዘገዬ ጋር ፎረስት ፓርክ ሰፈር ትኖራለች፤ ሥራዋ ሆም ኬር፣ ማለትም አረጋውያንን ቤታቸው ሄዶ መንከባከብ ነው። በ2020 መጨረሻ ኤጀንሲው አፐር አርሊንግተን ላሉ አንዲት የሰማንያ አንድ ዓመት ሴት መደባት። ዶኛ አማልያ ይባላሉ፤ ዶኛ እንደ እኛ እትዬ መሆኑ ነው። ከፖርቶ ሪኮ መጥተው አርባ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። በዚያው ዓመት ቀለል ያለ ስትሮክ መትቷቸው እግራቸው ቶሎ ተመለሰ። ጭንቅላታቸው መመለሱን ግን አላመኑም። አንዳንዴ የጎረቤት ስም ይጠፋባቸዋል፤ ያን ቀን ምግብ አይበሉም።

ጭንቅላታቸውን የሚፈትኑት በጨዋታ ነበር፤ ፊደል የተጻፈባቸውን የእንጨት ቁራጮች በሰሌዳ ላይ እየደረደሩ የስፓኒሽ ቃል መሥራት ነው። ሃያ ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ አብረዋቸው ይጫወቱ የነበሩትን ጓደኞቻቸውን ኮቪድ በተናቸው። የቀረችው ፋናዬ ብቻ ናት።

“ስፓኒሽ እኮ አልችልም” አለቻቸው፤ የሚግባቡት በእንግሊዝኛ ነው።

“ትንንሾቹን ብቻ ያዢ። ረጅም ቃል ለጉራ ነው። ሁለት ፊደል ጠባብ ቦታ ይገባል፣ በጎንም በታችም ይቆጠርልሻል።”

ያዘቻቸው። መኪና እየነዳች ትደግማቸዋለች፣ ዕቃ እያጠበች ትደግማቸዋለች። ፌ እምነት ነው፤ ይህን ለፓስተሯ ሳይቀር ነገረችው። ያ “አሁን” ነው፣ ኢር መሄድ ነው። ኙ ደግሞ ቀንዳም አውሬ ነው፤ “ከአህጉርሽ ነው፣ እንዴት አታውቂውም?” ብለው ተቆጥተዋታል። የነሱ ሁለት ፊደል ለአማርኛ ብዙውን ጊዜ አንድ ፊደል ነውና፣ ደብተሯ ላይ ስትጽፋቸው ገጹ እንኳ አልሞላም።

ጣጣው የመጣው ስትጎብዝ ነው። እናቷን የሚያህሉ ሴት በገዛ ቤታቸው፣ በገዛ ቋንቋቸው ማሸነፍ? እንዲህ ያለ ድፍረት አላደገችበትም። ዘገዬ አባቷን በዳማ አንድም ቀን አሸንፏቸው አያውቅም፤ ንጉሥ ይዞ እንኳ ይሸነፍላቸው ነበር። ስለዚህ ፋናዬ ብዙ ነጥብ የሚያስገኙትን ፊደሎች እያሳለፈች መሸነፍ ጀመረች። ዶኛ አማልያ በተከታታይ ሠላሳ አንድ ጊዜ አሸነፉ። ውጤቱን ፍሪጅ በር ላይ ለጠፉ፣ ሩቅ ላለች ልጃቸው ደወሉ፣ መብላት ጀመሩ። “ጭንቅላቴ ተመልሷል” አሉ። ፋናዬ ጽድቅ የሠራች መስሏት ደስ ብሏት ሰነበተች።

አንድ ማክሰኞ ሾርባ ልታሞቅ ተነሣች። ዶኛ አማልያ የወደቀ መነጽራቸውን አንሥተው ቀና ሲሉ ዓይናቸው የፋናዬ ፊደሎች ላይ አረፈ። የኙ ሁለቱም ፊደሎች እዚያ ቁጭ ብለዋል፤ ቦታዋም ሰሌዳው ላይ ክፍት ነው። ፋናዬ ግን ሁለት ነጥብ የምታስገኝ ቃል ጣል አድርጋ ነበር የተነሣችው። ሾርባውን ይዛ ስትመለስ ሰሌዳው ታጥፏል።

“ስንቱን ጊዜ ነው?” አሉ።

“ብዙውን” አለች ፋናዬ። “በእኛ ዘንድ ትልቅ ሰው አይሸነፍም። ለክብርዎ ብዬ ነው።”

“ክብር መቼ ጠየቅሁሽ? ሐኪሙ ያባብለኛል፣ ልጄ ታባብለኛለች። አንቺን ነበር ያመንኩት። ጭንቅላቴ ይሥራ አይሥራ አሁን በምን አውቃለሁ?”

ሾርባውን አልቀመሱትም። ፋናዬ አፍራ፣ አዝና ቤቷ ገባች።

ዘገዬ ፖላሪስ ከሚባለው ሰፈር ከሥራው ሲመለስ ነገረችው። “እኔ አባትሽን አሥራ አራት ዓመት ተሸንፌላቸው ምን ሆንኩ?” አለ። “ኮል አድርጊና ሶሪ በያቸው።”

“አባባ የሚፈልጉት ጥሩ አማች ነው። ዶኛ አማልያ የሚፈልጉት እውነቱን ነው።”

“ታዲያ የእውነት ተጫወቻ።”

“ካሸነፍኳቸውስ?”



በማግስቱ አንድ ጨዋታ ለመነቻቸው። ዶኛ አማልያ ብዙ አሰቡና ሰሌዳውን ዘረጉ። “ብታባብይኝ ሌላ ሰው ይላኩልኝ እላለሁ” አሉ።

ፋናዬ ያላትን ሁሉ አወጣች። ኦክስን ጠባብ ጥግ ውስጥ ሸጎጠች፣ ፌን በሁለት በኩል አስቆጠረች። ዶኛ አማልያ ግንባራቸው በላብ እስኪወረዛ ታገሉ። በመጨረሻ ፋናዬ በዘጠኝ ነጥብ እየመራች ነበር፤ ቀጣዩን ተራ ብታገኝ የምትገባበት አንድ ቦታ ቀርታለች። ዶኛ አማልያ እዚያችው ቦታ ላይ “ያ” ብለው ሁለት ፊደል አስቀመጡ። በጎን ተቆጠረ፣ በታች ተቆጠረ፤ ፊደልም ጨረሱና ጨዋታው አበቃ። በሦስት ነጥብ አሸነፉ።

“የእኔ ቦታ ነበረች እኮ” አለች ፋናዬ። ድምፅዋ ከፍ ማለቱን አላወቀችም። “ሁለት ተራ ስጠብቃት ነበር። አይሆንም፣ እንደገና ይደመር።” ወረቀቱን ከእጃቸው ነጥቃ ሁለቴ ደመረችው። ያው ሦስት ነው። ፊቷ ጠቆረ፣ የቀሯትን ፊደሎች ከረጢቱ ውስጥ ወረወረቻቸው። የትልቅ ሰው ክብር የሚባል ነገር ከነጭራሹ ተረስቷት ነበር።

ዶኛ አማልያ ትክ ብለው አዩዋት። ጨዋታ የለቀቀ ሰው እንዲህ አይሆንም። መሳቅ ጀመሩ፤ እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

“ተናደድሽ” አሉ። “የምርሽን ተናደድሽ።”

“አዎ፣ ተናድጃለሁ” አለች ፋናዬ፤ ወዲያው ገባትና እሷም ሳቀች።

ዶኛ አማልያ ተነሥተው ከፍሪጁ በር ላይ ሠላሳ አንዱን ውጤት ገንጥለው ጣሉ፣ ስልካቸውን አንሥተውም ልጃቸው ጋ ደወሉ። “ዛሬ አሸነፍኩ” አሏት፤ “በሦስት ነጥብ።”

“ቶሎ ይጨርሱ” አለች ፋናዬ ከወዲያ፤ አዲስ ፊደሎቿን ይዛ እየጠበቀቻቸው ነበር።