ጥቅል ጎመን ነው ብሎ የሸጠልን ዘር

ይህ የሆነው ባለፈው ዓመት በጋ ላይ ነው። ብዙ ሰው «እርሺው፣ አላህ ይፍረደው» ይለኛል። እኔ ግን መርሳት ስላልፈለግኩ ነው የምጽፈው።

ስድስት ዓመት ሳዑዲ ሰው ቤት ምግብ ሳበስል ኖሬ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ ሐይቅ ተመለስኩ። ባጠራቀምኳት ብር የውሃ ፓምፕ ገዛሁና ከአባቴ ጋር ሐይቁ ዳር ባለችው መሬታችን ጥቅል ጎመን ልናለማ ተነሳን። ዘሩን የገዛነው ከተማው ውስጥ የእርሻ ዕቃ ከሚሸጠው ከይመር ነው። በትንንሽ ፓኬት አሽጎ የጥቅል ጎመን ሥዕል ለጥፎበታል። «ከውጭ የገባ ነው፣ አብሽሪ» አለኝ። ጎረቤቶቻችንም እኛን አይተው ገዙ።

ችግኙ ያማረ ነበር። ከመደብ ነቅለን ማሳው ላይ ተከልነው። ይጠቀልላል ብለን ስንጠብቅ ግን ወደ ላይ ተመዘዘ፤ ሁለት ወር ሳይሞላው መሬቱ ሁሉ ቢጫ አበባ ለበሰ። እኛን አምነው የገዙት ጎረቤቶች ሰላምታ ነፈጉን። ከሁሉ ያንገበገበኝ ይሄ ነው።

ይመር ሱቅ ሄድኩ። «ውሃ አብዝታችሁበት ነው፤ ጎመን እኮ ዕውቀት ይፈልጋል» ብሎ ሳቀብኝ።

ልመለስ ስል በረንዳው ላይ ለፀሐይ መከለያ የተወጠረ ባዶ ጆንያ አየሁ። በዓረብኛ «ኸርደል» ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ «ለምግብ»። ኸርደል ሰናፍጭ ነው። ሳዑዲ እያለሁ ማዳም ወጥ ቤት ስንት ጊዜ ከብልቃጥ ላይ ያነበብኩት ቃል! የሰናፍጭ ፍሬና የጥቅል ጎመን ፍሬ ደግሞ ለዓይን አንድ ናቸው።

እዚያው አልጮህኩም። የሐሰት ዘር ሸጠልን ብዬ ለሽማግሌ ከሰስኩት።

ጁምዓ ከሶላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ይመር ደረቱን ነፍቶ መጣ።

«እኔ የኮንትሮባንድ ዕቃ አልሸጥም! በጉምሩክ ያስገባሁበት ወረቀት ይኸው» ብሎ ዘረጋው። በእንግሊዝኛ ስለነበር የሚያነብበት ሰው ያለ አልመሰለውም። እኔ ግን የቀበሌያችንን የግብርና ባለሙያ ብርሃኔን አስቀድሜ ጠርቼው ነበር። ወረቀቱን ተቀብሎ ቀስ ብሎ አነበበው።

«ይህ የታሪፍ ቁጥር የሰናፍጭ ነው፤ ከቅባት እህሎች ጋር የሚመደብ» አለ። «ለመዝራት የሚገባ የአትክልት ዘር ቁጥሩ ሌላ ነው። የዘር ማስገቢያ ፈቃድም አብሮት መኖር ነበረበት። ይሄ የገባው ለምግብ ተብሎ ነው።»

ይመርን ላብ አጠመቀው። «ተሳስቻለሁ፣ አውፍ በሉኝ፤ ለሁላችሁም ትክክለኛውን ዘር እተካለሁ» አለ። ጎረቤቶቻችን ተስማሙ። ትልቁ ሸህ ወደ እኔ ዞሩና «አንቺስ ልጄ፣ ምን ይደረግልሽ?» አሉኝ።

ከቦርሳዬ የተረፈችኝን ፓኬት አውጥቼ ቀደድኳት።

«እኔ ሌላ ነገር አልፈልግም። ለምግብ ብሎ ነው ያስገባው፣ ይብላው። አንድ እፍኝ፣ እያኘከ።»

ሽማግሌዎቹ ሊስቁ ዳዳቸው። እኔ አልሳቅኩም። «ወረቀቱን በስልኬ አንስቼዋለሁ። ካልበላ ወላሂ ነገ ፖሊስ ጋ ነኝ» አልኩ።

ይመር ዙሪያውን አየ። አንድም ሰው አልተናገረለትም። እጁን ዘረጋ፤ አፈሰስኩለት። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ጥቂት ሲያኝክ ግን አፍንጫው ላይ ወጣበት። ዓይኑ ደም መሰለ፣ እንባውና ንፍጡ ጢሙ ላይ ወረደ፣ ሳል አጣደፈው። እኔ ቆሜ አየሁት። ዓይኔን እንኳ አልሰበርኩም።

አባቴ ብድግ ብሎ ኮዳውን ከፍቶ ውሃ አጠጣው። «በቃሽ ልጄ» አለኝ። አልበቃኝም ነበር። በዚያች ደቂቃ በአባቴም ተናደድኩ።

ይመር ዘሩን ተካ፤ ከጎረቤቶቻችንም ጋር ታረቅን። አባቴ ይቅር ብሎታል፣ ሲገናኙ ሰላም ይባባላሉ። እኔ ግን በሱቁ ሳልፍ ሆን ብዬ እርምጃዬን አዘገያለሁ፤ እንዲያየኝ። አንዳንዶች «ሰው ፊት አዋረድሽው፣ ወንጀል ነው» ይሉኛል። ይሁን፣ ለአላህ የምመልሰው እኔ ነኝ። የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር አንድ እፍኝ ብቻ ማለቴ ነው።