አክተሩ ጠመንጃውን ያስቀመጠበት ክፍል ሁለት

ደብረ ታቦር ቪዲዮ ቤት ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ ባለቤቱ ጋሽ ታከለ ማይክሮፎኑን ሰጡኝና፣ «ፊልሙን በአማርኛ እየተናገርክ ታሳያለህ። ዋናው ሕጋችን አንድ ነው፤ አክተር አይሞትም፣ አክተር አይፈራም» አሉኝ።

እንግሊዝኛ የተማርኩት ከመዝገበ ቃላትና ከሬዲዮ ነው። ሰው ፊት ብዙ አላወራም፤ ማይክሮፎን ስይዝ ግን ሌላ ሰው ነኝ። ጠዋት ካሴቱን ብቻዬን አያለሁ። ያልገባኝን እስኪገባኝ ወደ ኋላ እየመለስኩ እሰማለሁ።

አንድ ፊልም ከተማውን አሳበደው። አክተሩ የወንድሙን ደም ሲመልስ፣ ጠላቶቹን ተራ በተራ ሲጥል፣ ተቀምጦ የሚያይ አልነበረም። የጋራዥ ልጆች አረማመዱን ሳይቀር ቀዱት። ክፍል ሁለት መጣ ሲባል፣ በገበያው ቀን ቤቱ ገና ከምሳ በፊት ሞላ። ከጉና ገብስ ሊሸጡ የወረዱት ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ።

እኔ ጠዋት አይቼው በደስታ ቁርሴን ረስቼ ነበር። በክፍል አንድ በር በእርግጫ የሚከፍተው ሰው፣ አሁን ያንኳኳል። አንኳኩቶም ደጅ ላይ ይጠብቃል።

ለጋሽ ታከለ ነገርኳቸው።

«አይተኩስም?»

«አይተኩስም ጋሼ። ተለውጧል።»

«ሕዝቡ የመጣው ያንን ሰው ሊያይ ነው እኮ! እሱ ካልተኮሰ አንተ በአፍህ ተኩስ። ሰው ጥሎ ከወጣ፣ ከነገ ጀምሮ ማይክሮፎኑን አትነካውም።»

ፊልሙን ጀመርኩ፤ አክተሩ የማይተኩስበት ቦታ ደረሰ። በክፍል አንድ ከገደላቸው ወደ አንዱ እናት ቤት ሄደ። ጠመንጃውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠ። «ባዶ እጄን መጥቻለሁ» ብዬ ተረጎምኩ።

ቤቱ በጩኸት ፈነዳ። «አንሳው እንጂ!» «ፈሪ!» ጌጡ የሚባለው የጋራዥ ልጅ፣ «ይሄ አክተር አይደለም፣ ዲያቆን ነው!» ብሎ አሳቃቸው። ከኋላ መውጣት ተጀመረ። ጋሽ ታከለ ከበሩ ላይ፣ «ተንኮል ነው በላቸው! ሽጉጥ ደብቋል በላቸው!» እያሉ በምልክት ያዙኛል።

ካሴት በመሐል ማቆም በቤቱ ደንብ ክልክል ነው። አቆምኩት።

ከፊት አያ ደሴ ተቀምጠዋል፤ በጉና ደመኛ የሚያስታርቁ ሽማግሌ ናቸው። በማይክሮፎኑ፣ «አያ ደሴ፣ ገዳይ ለዕርቅ ወደ ሟች ቤት እንዴት ይሄዳል?» አልኳቸው።

«ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነዋ! ስንቱ ተኩስ ያልበገረው ጎበዝ፣ እዚያ ደጅ ሲደርስ መልሱኝ ብሏል።» ወደ ቴሌቪዥኑ አዩ። «የዚህስ ድንጋዩ የታል?»

«እነሱ አገር የድንጋይ ልማድ የለም። መሣሪያውን ነው ያስቀመጠው።»

«ይሁን፣ ገብቶኛል። ልቀቀው እስቲ፣ ምን ትለው ይሆን!»

ለቀቅኩት። የወጡት ተመለሱ። እናትየዋ ወጣች፤ ጠመንጃውን አነሳች፤ ደረቱ ላይ ደገነች።

«አክተር አይሞትም!» አለ ጌጡ፤ ድምፁ ግን ራሱን አላሳመነውም።

«ልጇን እኮ ነው የገደለው!»

«ማሪው እናቴ!»

«እንዳትምሪው!»

በተኩሱ ፊልም እንኳ እንዲህ ያለ ጭንቀት አይቼ አላውቅም። ጋሽ ታከለ በሩን ትተው ወንበር ላይ ወጥተዋል። የሴትየዋ ከንፈር ሲንቀሳቀስ፣ «ምን አለች? ምን አለች?» ብለው ጮኹብኝ።

አንድ ቃል ነበር ያለችው። ድምፄን እንደ እሷ ዝቅ አድርጌ፣ «ግባ» አልኩ።

አያ ደሴ፣ «እሰይ!» ብለው መሬቱን በዱላቸው መቱት። ጌጡ አጠገቡ ያለውን ሰው አቀፈ። ጋሽ ታከለ ከወንበሩ ወርደው፣ «ለሚመጣው ገበያ ይደገማል!» ብለው አወጁ። ማይክሮፎኑም እኔው ዘንድ ቀረ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ክፍል ሁለት ተርጉሜያለሁ። ተመልካች ሁልጊዜ የሚመጣው የድሮውን ሰው ፍለጋ ነው። አክተሩ ተለውጦ ከሆነ ወደ ድሮው አልመልሰውም፤ የተለወጠበትን ምክንያት ሕዝቡ በሚያውቀው ነገር አስረዳለሁ። የተርጓሚ ሥራ ይኸው ነው።