መሪጌታ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ

መሪጌታ ዘመንፈስቅዱስ ከሉማሜ ወጣ ብላ በምትገኝ ደብር ድጓ ሲያስተምሩ የኖሩ፣ ድምፃቸው ቤተ ክርስቲያኑን የሚሞላ፣ ሲቆጡ ደግሞ አይጣል የሚያሰኙ ሰው ናቸው። አምና ሆዳቸውን ታመው አዲስ አበባ ሄዱና ከርመው ተመለሱ። ለጠያቂው ሁሉ «ጨጓራ ነው፤ ቆርጠው አወጡልኝ» አሉ። ውሸት አልነበረም፤ ካንሰር የምትለዋን ቃል ብቻ ዋጧት። ፀጉራቸው ሲረግፍ ጥምጥማቸው ሸፈነላቸው። የጢማቸውን መሳሳት በመድኃኒቱ አሳበቡ፤ ሰውም አመነ።

እውነቱን የሚያውቁት ባለቤታቸው ወይዘሮ የኔአለም ብቻ ናቸው። ለልጃቸው ለትሕትና እንኳ አልተነገራትም። ትሕትና ከቤት እየተመላለሰች ሉማሜ ታስተምራለች፤ ለአምበሩ ገበሬ ለአቶ ቢተው ልጅ፣ ለአብይ ታጭታለች፤ ሠርጉም ከፋሲካ በኋላ ነው። በእኛ አገር ጋብቻ ሲታሰብ የማይጠየቅ ነገር የለም፤ አያት ቅድመ አያት በምን እንደ ሞተ ሳይቀር ይመረመራል። ካንሰር ገባበት ከተባለ ቤት ልጅ ለማጨት የሚደፍር ጥቂት ነው። «ትዳርልኝና ከዚያ በኋላ ይሰማ» አሉ መሪጌታ። ወይዘሮ የኔአለም ነገሩ አላማራቸውም፤ ግን ዝም አሉ። ዝም ማለታቸውን እኔ እስከ ዛሬ አልወድላቸውም።

ሕክምናው አለቀ ቢባልም ፍርሃቱ አላለቀም። ጎናቸውን ጠቅ ባደረጋቸው ቁጥር «ተመለሰብኝ» ይላሉ፤ ማኅሌት ቆመው ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ማዕድ ሲቀርብ ሆዳቸው ይዘጋል። ገና አዲስ አበባ ሳሉ ፍርሃታቸውን ያየች ዘሪቱ የምትባል ነርስ ከሌሎች ሕሙማን ጋር ምንጣፍ ላይ አስቀምጣ ዮጋ የሚሉትን ልታስተምራቸው ሞከረች። መጀመሪያ ተቆጧት።

«እኔ የቤተ ክርስቲያን ሰው ነኝ! ባዕድ አምልኮ ምን በወጣኝ!»

«አባ፣ ጸሎትዎን አልነካብዎትም» አለቻቸው ረጋ ብላ። «ቀስ ብለው እጅዎን ያነሣሉ፣ ጎንዎን ያፍታታሉ። ከዚያ ዓይንዎን ጨፍነው ትንፋሽዎን ብቻ ያዳምጣሉ። ክፉ ሐሳብ ሲመጣ አይታገሉት፤ ወደ ትንፋሽዎ ይመለሱ። ይኸው ነው።»

እያፈሩ ሞከሩት። ደረታቸው ላይ ተጭኖ የከረመው ነገር ትንሽ ሲቀልላቸው እንባቸው መጣ።

አገር ቤት ከተመለሱም በኋላ አልተዉትም። ሊቅ አይደሉ? ጉዱን ያመጣባቸው ጥንቃቄያቸው ነው። ከጸሎት ጋር እንዳይደባለቅባቸው ፈሩ። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ጓዳ ገብተው ከመቀመጣቸው በፊት ዳዊታቸውን አውጥተው ሌላ ክፍል ያኖራሉ፤ የእመቤታችንን ሥዕል በመጋረጃዋ ይጋርዳሉ፤ አፋቸውን ገጥመው ይቀመጣሉ። ለእሳቸው ይህ እግዚአብሔርን ማክበር ነው። እስቲ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ምን እንደሚመስል አስቡት! የተማረ ሰው ዳዊቱን አስወጥቶ፣ ሥዕል ጋርዶ፣ ጨለማ ጓዳ ውስጥ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ሲያነሣ ሲያወርድ። በአገራችን እንዲህ የሚያደርገው አስማት የሚደግም ደብተራ ነው ይባላል።

በዐቢይ ጾም መካከል ወሬው ደብሩን አዳረሰው። ካህናቱ ሰላምታቸውን አሳጠሩ። እናቶች መሪጌታን ከሩቅ ሲያዩ ልጆቻቸውን እየጎተቱ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። መሪጌታ አንጀታቸው እያረረ ዝም አሉ፤ ማስረዳት ማለት የካንሰሩን ምስጢር ማውጣት ነውና፤ እሱ ከወጣ ደግሞ የልጃቸው ትዳር ይፈርሳል። ልምምዱን ለጥቂት ቀን ተዉት። ፍርሃቱ ተመልሶ ደረታቸው ላይ ተቀመጠ፤ እህል አልወርድ አላቸው። ስለዚህ እንደገና ጓዳ ገቡ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አቶ ቢተው ከአምበር መጡ። የቀረበላቸውን ጠላ አልነኩም፤ የተቀመጡትም ከመደቡ ጫፍ ነው።

«መሪጌታ፣ እኔ ገበሬ ነኝ፤ ነገር ማሽሞንሞን አላውቅም። ድግምት ካለበት ቤት ልጄን አላጋባም። እውነት ነው ሐሰት?»

ወይዘሮ የኔአለም በሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ትሕትና ጓዳ ውስጥ ናት። መሪጌታ ሐሰት ነው ብለው ቢምሉ የሚያምናቸው እንደሌለ ገባቸው። ዝም ካሉም ልጃቸው የአስማተኛ ልጅ ተብላ መቅረቷ ነው።

«ሐሰት ነው» አሉ። «የምቀመጠው ስለታመምሁ ነው። ቆርጠው ያወጡልኝ ካንሰር ነበር። ትንፋሼን ማዳመጥ ያስተማሩኝ ሐኪም ቤት ነው፤ ፍርሃቴን ያበርድልኛል። ዳዊቱን የማወጣው፣ ሥዕሉንም የምጋርደው ስለማከብራቸው ነው።»

አቶ ቢተው አቀረቀሩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ከልባቸው አዝነዋል።

«ምናለ ድግምት በሆነ» አሉ በመጨረሻ። «ድግምት በጠበል ይለቃል። ይኼ እኮ ለልጅ ልጅ የሚተርፍ ነው።»

«ሐኪሞቹ እንዲያ አላሉንም!» አሉ ወይዘሮ የኔአለም።

«እንመካከርበታለን» ብለው ጋቢያቸውን አስተካክለው ወጡ። እንዲህ ብሎ የሄደ ሽማግሌ እንደማይመለስ ቤቱ ውስጥ ያሉት ሁሉ ያውቃሉ።

ትሕትና ከጓዳ ወጣች። መሪጌታ ቀና ብለው ሊያዩአት አልቻሉም።

«ትዳርሽን አፈረስሁብሽ፣ ልጄ።»

«ለአብይ የነገርሁት እኔ ነኝ» አለች።

«ምኑን?»

«ሥዕሉን ሲጋርዱ በበሩ ስንጥቅ አየሁዎት። ነፍሳቸውን ሸጡ ብዬ ፈራሁ፤ ወሬውም ከዚያ ወጣ። እጅዎ ሊነካኝ ሲል እንኳ ዞር ብዬ አማትብ ነበር። መታመምዎን ቢነግሩኝ ኖሮ እንዲህ አስብዎት ነበር? አባዬ፣ ለሠርጉ ብለው ለእኔ ጠንቋይ ሆኑብኝ።»

መሪጌታ ደብሩ ሁሉ ሲጠረጥራቸው ችለውት ነበር። ልጃቸው በአንድ ማዕድ አብራቸው እየቆረሰች ትፈራቸው እንደነበር ግን አልጠረጠሩም። ከቀዶ ጥገናው ሁሉ ይህ ባሰባቸው።

«ድነዋል?» አለቻቸው።

«ጠፍቷል ብለውኛል። ይመለስ አይመለስ አላውቅም።» ድምፃቸው ሰለለ። «እፈራለሁ፣ ልጄ።»

እጃቸውን ዘረጉላት። ትሕትና ልትይዘው ተጠጋች፤ ነገር ግን ጾሙን ሙሉ የለመደው እጇ ቀድሟት አማተበ። ሁለቱም አዩት።