ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

ሰፊው በልጁ ሰርግ ላይ አንድ ዘፈን ሊዘፍን ቃል ገብቷል። ችግሩ፣ ዕድሜ ልኩን ሲዘፍነው የኖረው ያ አንድ ዘፈን ምን እንደሚል በድንገት ጠፋበት።

ግጥሙን ረስቶት አይደለም። ከእንቅልፉ ቀስቅሰው ቢጠይቁት እንኳ ሳይሳሳት ይወጣዋል። በወጣትነቱ ከየሙዚቃ ቤቱ ይሰማ የነበረ ዘፈን ነው። ካሴቱ ሽፋን ላይ ዘፋኙ ነጭ ጫማና አንገቱ ሰፋ ያለ አብረቅራቂ ኮት ለብሶ፣ ማይክሮፎኑን እንደ አይስክሬም ወደ አፉ አስጠግቶ ቆሟል። ሰፊው ያን ኮት ወዶ ዘፈኑን ሰማ፤ ዘፈኑን ሰምቶ ልቡ ጠፋ። አዝማቹ እንዲህ ይላል፦

ልቤ ሰፊ ነው፣ አይጨንቀውም፤
ቢቀዱት ቢቀዱት፣ ከቶ አያልቅም።

ጉዱ የፈላው ሱቁ ውስጥ፣ ሙሽራዋ ልጁ ቀሚሷን ስትለካ ነው። እሷ ክንዷን ዘርግታ ቆማለች፤ እሱ ተንበርክኮ ጠርዙን በስፒል እየያዘ ዘፈኑን ይለማመዳል። የካሴቱን ቅላጼ ትቶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያወጣ ሲዘፍነው ይህ የመጀመሪያው ነበር።

«አባዬ፣ እስቲ ድገመው» አለችው።

ደገመው።

«‹ሰፊ› ስትል ምን ማለትህ ነው?»

«ሰፊ ነዋ! እንደኔ። ልብስ ሰፊ።»

ልጅቷ ሳቋ ሲያመልጣት ስፒሉ ቁርጭምጭሚቷን ወጋት። «ወይኔ አባዬ! ልቤ ልብስ ሰፊ ነው? ልብ ደግሞ ምን ይሠራል፣ ቁልፍ ይተክላል? ጠብቆ ነው እኮ! ሰፊ፣ ሜዳ የሚያክል ልብ። በል አማቾቼ ፊት እንዲህ ብለህ እንዳትዘፍን፤ ሱቅህን የምታስተዋውቅ ነው የሚመስላቸው።»

እዚህ ላይ ነገሩን ቀስ ብሎ ማየት ይጠቅማል፤ ደግሞም ሲያዩት ደስ ይላል። ፊደላችን ጠብቆ የሚነበበውንም ላልቶ የሚነበበውንም በአንድ መልክ ነው የሚጽፈው። «ሰፊ» ውስጥ «ፊ» ከላላች፣ ቃሉ መርፌና ክር ይዞ ይመጣል። ከጠበቀች ደግሞ ሜዳና አደባባይ ይዞ ይመጣል። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ነገሩ ግልብጥ ይላል። «ቢቀዱት» ሲባል «ዱ» ከጠበቀች ጨርቅ ይቀደዳል፤ ከላላች ውኃ ይቀዳል። ስለዚህ ሰፊው መጀመሪያ አላልቶ፣ ቀጥሎ አጥብቆ ሲዘፍን፣ «ልቤ ልብስ ሰፊ ነው፤ እየቀደዳችሁ ብታመጡለት አይደክመውም» ማለቱ ነበር። ልጁ ደግሞ መጀመሪያ አጥብቃ፣ ቀጥላ አላልታ፣ «ልቤ ሰፊ የውኃ ጉድጓድ ነው፤ ብትቀዱት ብትቀዱት አይደርቅም» ብላ ነው የሰማችው። ሁለቱም አንጀት ያርሳል። እና የትኛው ነው?

ዕድሜውን በሙሉ ደንበኞቹን «ይጥበቅ ወይስ ይላላ?» እያለ ሲጠይቅ የኖረ ሰው፣ ያን ቀን ጥያቄው ወደ ራሱ ዞረበት።

መጀመሪያ የሄደው ወደ ምንጩ ነው። ካሴቱን ከመሳቢያ አውጥቶ፣ ግድግዳ ወደሚጋራው ጎረቤቱ፣ ወደ ሬዲዮ ሠሪው ተሻገረ። ሬዲዮ ሠሪው ሱቁ ውስጥ ሆድ ዕቃቸው በተዘረገፈ ሬዲዮኖች መካከል ተቀምጦ ነበር። ካሴቱን አየና ፊቱ በራ።

«አንተ ክር ጎራሽ! ይሄ ነገር እስከ ዛሬ አለ?»

ከፍተው ሰሙት። ዘፋኙ «ሰ»ን አንስቶ ይጎትታታል፤ ኮረብታ ያወጣታል፣ ቁልቁለት ያወርዳታል። «ፊ» ላይ ሲደርስ አንዳች ነገር ጉሮሮው ውስጥ ስልም ይላል። መልሰው ሰሙት፤ ያው ስልም። «ቢቀዱት» ላይ ደግሞ ልክ «ዱ» ስትመጣ ከበሮው ድው! ይላል፤ የምትጠብቅ ትሁን የምትላላ የሚያውቀው ከበሮው ብቻ ነው። ሦስተኛ ሊሰሙት ሲሉ የካሴቱ ክር ተለጥጦ የዘፋኙ ድምፅ የሚያጓራ በሬ መሰለ።

«ካሴቱ ራሱ ላልቷል» አለ ሬዲዮ ሠሪው። «የላላ ካሴት ምን ሊያጠብቅልህ ነው?» ከዚያም ጣቱን አነሳ። «ለነገሩ አባትና ልጅ ተያይዛችሁ ተሳስታችኋል። ‹ቢቀዱት ቢቀዱት› የሚለው ካሴት ነው። ካሴቴን እየገለበጣችሁ ብትቀዱት ገበያዬ አያልቅም ማለቱ ነው።»

«‹ልቤ› የሚለውስ?»

ሬዲዮ ሠሪው ትንሽ አሰበ። «ማጫወቻው ነዋ።»

ቀጥሎ የሽፋኑን ጽሑፍ መረመሩ። ከዘፋኙ ፎቶ ጀርባ፣ በጉንዳን ጽሑፍ፣ ግጥሙ ሙሉው ታትሟል። ሰፊው መነጽሩን አድርጎ ልጁን ጠራት፤ ሁለቱም አጎንብሰው አነበቡና እኩል ቀና አሉ።

«ይኸው!» አለ ሰፊው። «‹ሰፊ› ይላል!»

«ይኸው!» አለች ልጁ። «‹ሰፊ› ይላል!»

ጽሑፉ ለሁለቱም እኩል መሰከረላቸው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ፣ ሰፊው ሌላ ዘፈን አጥንቶ ይገላገል ነበር። ግን ልጁ ወሬውን ለእናቷ አደረሰችው። በማግስቱ ሚስቱ ሱቁ በር ላይ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

«እውነት ነው?»

«ምኑ?»

«ያኔ በደጃችን እየተመላለስክ ስትዘፍንልኝ፣ ልቤ ልብስ ሰፊ ነው እያልክ ነበር?»

ሰፊው እንደ ልማዱ ከንፈሩ ላይ የነከሳትን ስፒል አወጣ። ስፒሏን በአፉ ይዞ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። «እና ምን ልበል? ሙያዬን ነው የነገርኩሽ።»

«ሙያህንማ ክር ከጸጉርህ ላይ ስለቅም አውቄዋለሁ! እኔ ያገባሁት ልቡ ሰፊ የሆነ ሰው ነው። ዛሬ ነው እንዴ የሌላ ሰው ሚስት መሆኔን የምሰማው?»

ሰፊው ጭንቅላቱ ውስጥ ብዙ ነገር ቦታ ቦታውን ሲይዝ ታወቀው። ሚስቱ በትዳራቸው ውስጥ ችግር በመጣ ቁጥር «የዘፈንክልኝን አትርሳ!» የምትለው ነገር ነበራት። ቃሉን ጠቅሳ አታውቅም፤ «የዘፈንክልኝን» ብቻ። እናቷ ለአንድ ሳምንት ብለው መጥተው የከረሙ ጊዜም ይህንኑ አለችው። ቻላቸው ማለቷ ነበር። እሱ ግን ስፋላቸው ያለችው መስሎት፣ አማቱን በየጊዜው እየለካ አዲስ ቀሚስ በላይ በላይ ሰፋላቸው። አማቱ በሕይወታቸው እንደዚያ ዘንጠው አያውቁም፤ ስለዚህም ጭራሽ መሄዱን ረሱት።

«እሺ፣ እናትሽን አልቻልኳቸውም?» አለ በቀስታ።

«ችለሃቸዋል። ግን አስበህበት ነው ወይስ በስህተት?»

ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። መጀመሪያ ዘፈኑ ምን እንደሚል መታወቅ አለበት፤ ያን የሚያውቀው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።

«ዘፋኙ በሕይወት ይኖር ይሆን?» አለ ሰፊው ከሰዓት በኋላ፣ ተስፋ በቆረጠ ድምፅ።

«አለ እንጂ!» አለ ሬዲዮ ሠሪው። «ድምፅ ማጉያውን የምሠራለት እኔ ነኝ።»

«ምን? እስከ ዛሬ ሳትነግረኝ?»

«ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?»

ሄዱ። ዘፋኙ በነጠላ ጫማና በሰፊ ቁምጣ ሆኖ የአበባ ማሰሮዎቹን ውኃ ያጠጣ ነበር። ከካሴቱ ሽፋን የቀረው ቅንድቡ ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ በእጥፍ አድጓል። ሰፊው ሳያስበው ወገቡን በዓይኑ ለካ። ከዚያ የልጁን ሰርግና የገባውን ቃል ነግሮት ጥያቄውን አቀረበ፦ ላልቶ ነው ወይስ ጠብቆ?

ዘፋኙ ማጠጫውን አስቀመጠ። ወደ ቤቱ በር አየ፤ ወደ አጥሩም አየ።

«ማን ልኳችሁ ነው?»

«ሚስቴ» አለ ሰፊው እውነቱን።

«እንግዲያው ልንገራችሁ» አለ ዘፋኙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔም አላውቀውም።»

ሬዲዮ ሠሪው በደስታ ማሰሮ ጠርዝ ላይ ተቀመጠ።

«ግጥሙ በወረቀት ነው የደረሰኝ፣ በሰው እጅ። ገጣሚውን በዓይኔም አላየሁት፤ ዛሬ ደግሞ የለም፣ ነፍሱን ይማረው። ሳነበው ሁለት ሆነብኝ። ልጠይቅ እንዳልል፣ ልጅ ነኝ፤ የባንዱ ሰዎች ይስቁብኛል። ምን ላድርግ? ‹ሰ›ን ጎተትኳት ጎተትኳትና ‹ፊ› ላይ ስደርስ ዋጥኳት። ከበሮ መቺውን ደግሞ፣ ‹ዱ› ላይ አደራህን፣ የእኔ ድምፅ እንዳይሰማ አድርገህ ምታልኝ አልኩት።» በረጅሙ ተነፈሰ። «ጋዜጣ ላይ ‹ረቂቅ ቅላጼ› ተብሎ ወጣልኝ። ከዚያ ወዲህ በምን አፌ ላስተካክለው?»

ሰፊው ክው አለ። ቀጥሎ ግን ከሆዱ የጀመረ ሳቅ ትከሻውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። እሱና ሚስቱ ያን ሁሉ ዘመን የተስማሙት አንድ ወጣት ኀፍረቱን በዋጠባት ፊደል ላይ ኖሯል።

«አንተስ እንዴት ነው የሰማኸው?» አለው ዘፋኙ።

«ላልቶ። ልብስ ሰፊ ነኝ።»

«ሰፊ ነህ?» ዘፋኙ ዓይኑ በራና እየሮጠ፣ ማለትም ለሱ ሩጫ በሆነው አረማመድ፣ ወደ ውስጥ ገባ። ሲመለስ ያንን ኮት ይዟል፤ የካሴቱን። «እባክህ ይሄን አስፋልኝ። ከገባልኝ ሰርጉ ላይ እመጣለሁ። እዚያ አንተ ስትዘፍነው እሰማሃለሁ። ካጠበቅክ አጥብቄ፣ ካላላህ አላልቼ፣ ከዚያ በኋላ እኔም እንዳንተ ነው የምዘፍነው። ሰለቸኝ፣ እኔም እኮ ምን እያልኩ እንደሆነ ማወቅ እፈልጋለሁ! ይሄን ነገር ግን ለማንም እንዳትነግሩ።»

«እኔ መቃብር ነኝ» አለ ሬዲዮ ሠሪው። እነሱ ሰፈር ሳይደርሱ ወሬው ቀድሟቸው ገብቶ ነበር። በስልክ ነው የላከው።

አሁን እንግዲህ ሸክሙ ሰፊው ላይ ወደቀ። ሊጠይቅ የሄደ ሰው፣ ፈራጅ ተደርጎ ተመለሰ።

ኮቱን ገልብጦ ገበሩን ፈታ። የጎንና ጎኑን ስፌት ሲተረትር እጁ ቆመ። በስፌቱ ውስጥ፣ በግራም በቀኝም፣ ደህና አድርጎ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አለ። ያን ኮት የሰፋው የማያውቀው ሰው፣ ያ ቀጭን ወጣት አንድ ቀን እንደሚወፍር አስቦለታል። ሰፊው ሚስቱን ጠራት።

«ነይ እይው። ጥሩ ሰፊ ጨርቁን ጥርግ አድርጎ አይቆርጥም። ውስጥ ያስተርፋል፣ በኋላ እንዲሰፋ። አየሽ? ሰፊ ማለት...» የመጀመሪያውን አላልቶ፣ ሁለተኛውን አጥብቆ ጨረሰው፣ «...ሰፊ ነው።»

ሚስቱ ሳቋን በነጠላዋ ጫፍ ያዘችው። «በአፍህ አትስፋኝ!»

«እውነቴን ነው።»

«ምን ያህል እንዳስተረፍክ እናየዋለን። እናቴ ለሰርጉ ትመጣለች። ቀሚሷን እኔ ገዝቼላታለሁ፤ አንተ ቻላት እንጂ ቀሚስ እንዳትሰፋላት!»

ሰፊው የደረሰበት ውሳኔ ይህ ነው፦ አዝማቹ በየግጥሙ ቤት መጨረሻ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ አንዴ ለራሱ፣ አንዴ ለሚስቱ ይዘፍነዋል። መጀመሪያ «ሰፊ»ን አላልቶ «ቢቀዱት»ን ያጠብቃል፤ ሲደግም «ሰፊ»ን አጥብቆ «ቢቀዱት»ን ያላላል። ሲነገር ቀላል ነው። መሞከር የፈለገ ይሞክረው፤ ምላስ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ የመጀመሪያውን ትፈልጋለች። ለሰፊው እስካሁን ያለማወላወል የወጣለት «ልቤ» የሚለው ብቻ ነው።

አሁንም እየሞከረ ነው። የልብስ ስፌት መኪናውን ፔዳል እንደ ከበሮ እየረገጠ ይለማመዳል፤ ልጁ ስትገባ ስትወጣ ታርመዋለች፤ በግድግዳው ማዶ ሬዲዮ ሠሪው «ኧረ ካሴት ነው!» እያለ ይጮኻል። ዛሬ ጠዋት ሱሪ የሚያሰፋ ወፍራም ደንበኛ መጥቶ ቆሟል፤ ሰፊው ሜትሩን በደንበኛው ወገብ ላይ አዙሮ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለተኛውን ዙር ጀምሯል። ሚስቱ ከጥግ፣ ከምትዘመዝመው ጨርቅ ላይ ቀና ሳትል፣

«ጠበቅ አድርጋት!» አለችው።

ሰፊው እሺ ብሎ «ፊ»ን ጠበቅ ሲያደርግ፣ እጁም አብሮ ጠበቀ።

«ኧረ አላላው!» አለ ደንበኛው ትንፋሽ አጥሮት።

«ቆይ» አለ ሰፊው ዓይኑን ሳይገልጥ፣ «‹ቢቀዱት› ላይ ስደርስ ነው የማላላው።»