ሳላሰላ «ይችላል» ያልኩት ኤክስቴንሽን

ዛሬ ቀትር ላይ ከትምህርት ቤት ስመለስ ግቢያችን የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸታል። ሳምቡሳ የሚሸጡት ጎረቤቴ አዴ ዘሃራ ቀኝ እጃቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው በራቸው ላይ ተቀምጠዋል።

ኤክስቴንሽኑ ቀልጦ መጨስ ሲጀምር ሊነቅሉት ሲሉ ነው የተቃጠሉት።

ባለፈው ሳምንት አዲስ የኤሌክትሪክ ምድጃ ገዝተው «መምህር፣ ይሄ ኤክስቴንሽን ይችለዋል?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ቸኩዬ ስለነበር ገመዱን በሁለት ጣቴ ያዝ አድርጌ «ወፍራም ነው፣ ይችላል» አልኳቸው።

የፊዚክስ መምህር ነኝ እንግዲህ!

ዛሬ ምድጃውን ገልብጬ አየሁት፤ 2200 ዋት ይላል። ለ220 ቮልት ሲካፈል 10 አምፒር ነው። ኤክስቴንሽኑ ላይ የተጻፈው ግን 6 አምፒር። ወፍራሙ ላስቲኩ ነው እንጂ ሽቦውማ ክር ነው። ስሌቱ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ጠዋት እኮ ይሄንኑ ሳስተምር ነበር፦ 220 ቮልት፣ 10 አምፒር፤ ሬዚስታንሱ 22 ኦም፣ ፓወሩ 2200 ዋት። አሠራሩን ሳያሳይ መልሱን ብቻ ለጻፈ ተማሪ ዜሮ ሰጥቼ ነው የወጣሁት። የሱ መልስ እንኳ ትክክል ነበር።

አዴ ዘሃራ ግን «አብሽር መምህር፣ አንተማ አይተኸዋል፤ እኔ ነኝ ዘይት ያፈሰስኩበት» ይሉኛል። ለጎረቤቱም ሁሉ እንደዚያው እየነገሩ ነው። እኔም «ይማርዎት» ብቻ ብዬ ቤቴ ገባሁ።

እናንተስ፣ ሳታጣሩ «ችግር የለውም» ብላችሁ ሰው የጎዳችሁበት ቀን አለ? እስቲ ጻፉልኝ።

እኔ ተነስቼ በራቸውን ላንኳኳ ነው፤ ዘይቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ልላቸው።