ጀርባውን የሚያከራየው ወንድሜ

ታላቅ ወንድሜ ተዋናይ ነኝ ይላል። ይበል፤ አፍ ዳገት አይፈራም። እኔ ግን ሥራውን ሄጄ አይቼዋለሁ። የተከታታይ ድራማ ጀርባ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዋናው ተዋናይ ሁልጊዜ ይቸኩላል። ይመጣና ፊቱ የሚታይበትን ንግግር በአንድ ትንፋሽ ብሎ፣ ኮቱን አውልቆ እብስ ይላል። ኮቱን ወንድሜ ይለብሰዋል። ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ይቀመጥና ተዋናይቷ ለእሱ ትከሻ ታለቅሳለች። ቴሌቪዥን ላይ ስታዩት ፍቅረኞቹ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያወራሉ። እውነቱን ከጠየቃችሁ ሁለቱ ከተያዩ ሰንብተዋል። የሥራ ባልደረቦቹ ወንድሜን "ትከሻው" ይሉታል፤ እሱ ደግሞ ማዕረግ መስሎት ይኮራበታል።

የእናታችን ጉዳይ ባይኖርበት ስቄ አልፈው ነበር። የሚኖረው እዚሁ፣ በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ አልፎ ነው። እማዬ ስትደውልለት ግን "ቀረጻ ላይ ነኝ" ነው መልሱ። ብቅ ካለም አረፍ ሳይል ይወጣል። አንድ ቀን ሲብስባት "ፊትህ እኮ ናፈቀኝ ልጄ" አለችው። ምን ቢላት ጥሩ ነው? "በቴሌቪዥን ታይኛለሽ!" ይኸው ከዚያ ወዲህ ድራማው በመጣ ቁጥር ቴሌቪዥኑ ላይ አፍጥጣ ትጠብቃለች።

ሲመረኝ በጆሮው ጎትቼ ላመጣው ሥራው ቦታ ሄድኩ። በጠራራ ፀሐይ ቤቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍነው "ሌሊት ነው" ይላሉ። በጨርቁና በመስኮቱ መሃል የተሸጎጠ ሰውዬ በጎማ ውሃ መስታወቱ ላይ ይረጫል፤ ዝናብ መሆኑ ነው። ሳሎኑ አንድ ግድግዳ ይጎድለዋል፤ በቦታው ካሜራውና አንድ መንጋ ሥራ ፈት ተገትሯል። ተዋናይቷ ዓይኗ ሥር የሚያቃጥል ቅባት ተቀብታ፣ እንባዋ እስኪመጣ ድረስ ስለ ጫማ ታወራለች። ውሸት እንዲህ የሚያደክም ከሆነ እውነቱን ቢናገሩ አይሻላቸውም?

"ወንድም ጋሼ፣ እማዬ እየጠበቀችህ ነው፤ ዛሬ ቤት ና" አልኩት።

"ዛሬማ ፊቴን ታየዋለች፤ አንቺ ዝም ብለሽ ተመልከቺ" ብሎ ጠቀሰኝ።

ቀረጻው ተጀመረ። ተዋናይቷ "ለምን ተውከኝ?" ብላ ስታነባ ትከሻው ዞረ! ዞሮም አልቀረ፣ ካሜራውን እያየ ፈገግ አለ።

"ቁረጥ!" ብሎ ጮኸ ዳይሬክተሩ። "አንተ ሰውዬ፣ ጀርባ እኮ ነህ! ጀርባ ይዞራል እንዴ?"

"ይቅርታ፣ አንገቴን ይዞኝ ነው" አለ ወንድሜ ሳያፍር።

ደግመው ቀረጹት። እሱ ግን ምስሉን የሚያቀናብረውን ወዳጁን በጓሮ ለምኖ፣ የተበላሸችውን እንዲያስገባለት አደረገ። እዚያ ቤት ቀን የቀረጹትን ማታ ስለሚያስተላልፉት መልሶ የሚያይ ሰው የለም።

ማታ ወንድሜ ቤታችን ከች አለ። እናቱን ሊያይ እንዳይመስላችሁ፤ እሷ ስታየው ሊያይ ነው። ድራማው ተጀመረ። ዝናቡ መጣ፣ ለቅሶው መጣ፣ ጀርባው መጣ።

እማዬ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ይኸው! ይኸው ልጄ!"

"ቆይ እማዬ፣ ገና ነው" አለ ወንድሜ።

ወዲያው ጀርባው ዞረ። የወንድሜ ፊት ዱቄት እንደተነሰነሰበት፣ ጥርሱ ፈጦ ብልጭ ብሎ ጠፋ።

"አየሽኝ?" አላት።

"የዞረውን ሰውዬ አላወቅሁትም" አለች እማዬ። "የእኔ ልጅ ቅድም ጀርባውን የሰጠው ነው። እሱን የትም ባየው አውቀዋለሁ። በመጣ ቁጥር ከዚህ በር ሲወጣ የማየው እሱን ነው።"

እማዬ ቴሌቪዥኑን አጠፋችና ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።