ክብደት የሌለው ሊፍት

ሰው ቂም ሲይዝ ይከሳል፤ ታላቅ እህቴን ግን ተስማማት።

ሁለታችንም ያለነው ሊፍት የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ነው፤ እሷ የመቆጣጠሪያውን የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ትሠራለች፣ እኔ መካኒክ ነኝ። ሊፍቱን የሚያዘውን ሶፍትዌር የሚጽፈው አንድ ጮሌ ነበር። ስሙን እናቱ ትጥራው። ያኔ እሷም በሯን ዘግታ፣ እሱም በሩን ዘግቶ ይሠሩና ሥራቸው የሚገናኘው ደንበኛ በሚመጣበት ቀን ነበር። ሳይተያዩ እንደሚጋቡ ሰዎች።

አንድ ቀን ደንበኞች ተሳፈሩ፤ ሊፍቱ መንገድ ላይ ቀጥ አለ። ጮሌው ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ "ቦርዱ ነው ጉድ የሠራን! የኔን ኮምፒውተር ላይ ሞክሬዋለሁ" አለ። ሥራ አስኪያጁም አመነው። እህቴ ዕቃ ግምጃ ቤት ተወረወረች።

የሞከረው ኮምፒውተር ላይ በተሳለ ሊፍት ነው፤ የተሳለ ሊፍት ደግሞ ክብደት የለውም። እውነተኛ ሰው ሲጫንበት ቁልቁል ከልክ በላይ ፈጠነ፣ ቦርዱም ኃይሉን ቆረጠ። የተሰደበው ሰዎቹን ያተረፈው ነው። አሁንም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ከዓመታት በኋላ ደንበኛ ሲሸሸው ሥራ አስኪያጁ ክፍሎቹ ተለያይተው መሥራታቸው እንደጎዳው ገባውና እህቴን የሁለቱም ክፍል አለቃ አደረጋት። መጀመሪያ ያስፈረሰችው በክፍሎቹ መሃል ያለውን ግድግዳ ነው። ከእንግዲህ ቦርድና ሶፍትዌር በየጠዋቱ ይገናኛሉ፤ ሶፍትዌሩን የጻፈው ሰውም በሙከራው ሊፍት ቀድሞ ይሳፈራል አለች። ሁሉም አጨበጨበ። ደንቡ በማን ልክ እንደተሰፋ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

በመጀመሪያው ጠዋት ጮሌውን ከአሸዋ ከረጢት ጋር ጫንነው።

"ኧረ እህቴ፣ ኮምፒውተር ላይ እኮ ሞክሬዋለሁ!" አለ ጮሌው።

"አውቃለሁ" አለችው።

እኔ ሻይዬን ይዤ ቆሜያለሁ። ሊፍቱ ቁልቁል ወረደ፣ ፈጠነ፣ ቦርዱ ቆረጠው። ፎቆቹ መሃል ተንጠልጥሎ ቀረ።

"አውጡኝ!"

"ቦርዱ ነው?" አለች። ያን ቀን ክሱን የሰማ ሰው ሁሉ ቆሞ ይሰማል።

በሩን ደበደበ። "ሶፍትዌሩ ነው! የኔ ነው!"

"ያን ቀንስ?"

"ያን ቀንም የኔ ነበር! በናትሽ አውጪኝ!"

የእህቴ ዓይን እንባ ሞላ። ሥራ አስኪያጁ አቀርቅሮ፣ "ይበቃዋል፣ ልጄ" አላት። እሷም ወደ እኔ ዞራ፣ "በል አውርደው" አለችኝ።

የመልቀቂያው ቁልፍ እኔ እጅ ነበር። ሻይዬን ግን ገና አልጨረስኩም።